የደንበኛ ራውተር ፈርምዌር የት ነው የምታስቀምጡት? (ባሕር ዳርና አካባቢዋ ያላችሁ)

ሽምብጥ_ኔት | ማክሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ባሕር ዳር ለገስት ሃውሶች፣ ለካፌዎችና ለትንንሽ ቢሮዎች ዋይፋይ እዘረጋለሁ፣ ሲበላሽም እጠግናለሁ። ዛሬ የሠራሁትን ጥፋት ልናዘዝና ምክራችሁን ልስማ።

ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ገስት ሃውስ ጠዋት ተደወለልኝ። «ማታ መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ መጣ፣ ከዚያ ወዲህ ዋይፋዩ አልነሳ አለ» አሉ እመቤቲቱ። ሄጄ ሳየው ቲፒ-ሊንክ 840ኤን ነው። የፓወሩ መብራት በርቷል፣ ሌላው ጨለማ። ሪሴት ብለው ምንም። ፈርምዌሩ (ራውተሩን የሚያሠራው የውስጥ ሶፍትዌር) ተበላሽቷል ብዬ በቲኤፍቲፒ (ፋይልን በኔትወርክ ገመድ ወደ ራውተሩ ማሳለፊያ ዘዴ) ላነሳው ወሰንኩ። የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፦ የላፕቶፑን አይፒ 192.168.0.225 ማድረግ፣ የራውተሩን ሪሴት ተጭኖ እንደያዙ ማብራት፤ ከዚያ ራውተሩ ራሱ መጥቶ «ቲፒ ሪከቨሪ» የሚል ስም ያለውን ፋይል ይወስዳል።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ጋ ነው። ላፕቶፔ ላይ «ቲፒ ሪከቨሪ» የሚባል ፋይል ሦስት ቦታ አለ። አንዱ የ840ኤን ቪ4 (ቪ የሃርድዌሩ ቨርዥን ናት)፣ አንዱ የቪ5፣ ሌላው የ841ኤን ቪ13 ነው። ራውተሩ ሌላ ስም ስለማይቀበል ሁሉንም በየጊዜው ስማቸውን ቀይሬ ትቻቸዋለሁ። የቱ የየትኛው ነው? ቀኑን አይቼ ገመትኩ። ራውተሩ ፋይሉን ዋጥ አደረገው፤ አሁን መብራቶቹ ሁሉ ቦግ ይሉና ይጠፋሉ፣ ደግሞ ቦግ ይላሉ። ትክክለኛውን እንዳላወርድ በስልኬ ዳታ አንዲት ገጽ ለመክፈት እንኳ እየተንፏቀቀች ነው። የራሴን ራውተር ተክዬላቸው አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ይህን ራውተር የማዳን ተስፋ አለ? ሁለተኛውና ዋናው ደግሞ፣ እናንተ የየሞዴሉን ፈርምዌር እንዴት ነው የምትይዙት?

የፖሊው | 2፡52

መጀመሪያ ስቲከሩን ንገረን። ከሥሩ «ቨር» ከሚለው አጠገብ ያለው ቁጥር ስንት ነው? 6.0 ከሆነ ቪ6 ነው።

ሽምብጥ_ኔት | 2፡55

ስቲከሩማ ቀለም ተቀብቷል ወንድሜ! ቀለም ቀቢው ግድግዳውን ሲቀባ ራውተሩን ሳያወርድ ጨምሮ ለቅልቆታል። ከላይ ክሬም፣ ከሥር ክሬም።

የፖሊው | 3፡01

ሃሃ፣ ይኼ አዲስ ነው። በአልኮል ወይም በነጭ ጋዝ ቀስ እያልክ በጥጥ ጥረገው። ዘይት ቀለም ካልሆነ ይለቃል። አጥብቀህ ግን አትፈግፍግ፣ ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል።

ተስፋውን በተመለከተ፣ መብራቶቹ ቦግ እልም እያሉ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ቡትሎደሩ (ራውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ትንሽ ፕሮግራም) አለ፣ ዋናውን ሶፍትዌር ለመጫን ይሞክራል፣ አልሆን ሲለው እንደገና ይነሳል ማለት ነው። ቡትሎደሩ እስካለ ድረስ ያንኑ ቲኤፍቲፒ መድገም ትችላለህ። የትክክለኛውን ቨርዥን ፋይል ብቻ አግኝ። ደግሞ የዊንዶውስ ፋየርዎልን አጥፋው፣ ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» የሚለው በሱ ምክንያት ነው።

ጋሽ_ገመዱ | 3፡30

ልጄ ሽምብጥ፣ አትፈር። ይህን ሥራ ሠርቶ ራውተር ያልገደለ ካለ ይምጣና እጁን ልሳም።

እኔ የገደልኩትን ልንገርህ። 841ኤን ቪ9 ነበር። ኦፕንደብሊውአርቲ (ነፃ የራውተር ሶፍትዌር) ጭኜበት ስጫወት ቆይቼ ለደንበኛው ልመልስ ስል የፋብሪካውን ፈርምዌር መልሼ ጫንኩ። የፋይሉ ስም ውስጥ «ቡት» የሚል ቃል ነበረበት፣ እኔ ልብ አላልኩትም። ለካ እሱ ከፊቱ ቡትሎደር ተቀጥሎበታል ማለት ነው፤ ከኦፕንደብሊውአርቲ ወደ ፋብሪካው ሲመለስ የፊቱ 131,584 ባይት መቆረጥ ነበረበት። ሳልቆርጠው ጫንኩት፣ ራውተሩም በዚያው አሸለበ። ያን ጊዜ ነው የፋይል ስም ዝም ብሎ ስም እንዳልሆነ የገባኝ።

የቲፒ-ሊንክን የወረደ ዚፕ ስም አንብበኸው ታውቃለህ? ሞዴሉ አለ፣ በቅንፍ «ኢዩ» ወይም «ዩኤስ» የሚል የአካባቢ ምልክት አለ፣ የሃርድዌሩ ቪ ቁጥር አለ፣ መጨረሻ ላይ 6 አሃዝ አለ። 171211 ካለ እ.ኤ.አ. 2017፣ ወር 12፣ ቀን 11 ማለት ነው። የሚያስፈልግህ ሁሉ እዚያች ስም ውስጥ ተጽፏል። አንተ ዚፑን ፈትተህ፣ ውስጡን «ቲፒ ሪከቨሪ» ብለህ፣ ዚፑን ስታጠፋው የልጁን የልደት ካርድ ቀድደህ ልጁን ገበያ ውስጥ ለቀኸዋል።

ስለዚህ የኔ ሕግ አንድ ነው፦ ዚፑን እንደወረደ አስቀምጥ፣ አትፍታው፣ ስሙን አትንካው። ስትፈልገው ወደ ሌላ ፎልደር ኮፒ አድርገህ እዚያ ፍታ፣ እዚያ ቀይር፣ ሥራህን ስትጨርስ ኮፒውን አጥፋ። ኮፒው ሳይጠፋ ከዚያ ቤት አትውጣ። እኔ ያንን ፎልደር «ምጣድ» ነው የምለው፤ እንጀራው ሲወጣ ይወለወላል።

ከዚያ ደግሞ ደብተር አለኝ። አዎ፣ የወረቀት ደብተር። ሳቁ። ደንበኛ በደንበኛ፦ የት ቤት፣ ምን ሞዴል፣ ስቲከሩ ምን ይላል (የስቲከሩን ፎቶ ስልኬ ላይ እይዛለሁ፣ ቀለም ቀቢ ሳይደርስበት)፣ የትኛው ፈርምዌር ላይ ነው፣ መቼ ተቀየረ፣ ለምን ተቀየረ። «ለምን» የምትለዋን አትዝለል። ከሁለት ዓመት በኋላ አሮጌ ቨርዥን ላይ ያለ ራውተር አይተህ «ይኼ ሰነፍ አላዘመነውም» ብለህ ልታዘምነው ትነሳለህ፤ ደብተሩ ግን «አዲሱ ላይ ፕሪንተሩ አይገናኝም፣ ወደ ኋላ መልሼዋለሁ» ይልሃል።

በ2015 ክረምት የሞባይል ዳታ ክልላችን ውስጥ ሲቋረጥ የረዳኝ ይኸው ነው። የተበላሸ ይዞ የሚመጣ ሰው አልቀረም፣ እኔም ከሃርድ ዲስኬ በቀር የማወርድበት አልነበረኝም። ያላስቀመጥኩት ሞዴል ሲመጣ «ጠብቅ» ከማለት ውጭ መልስ አልነበረኝም።

ሽምብጥ_ኔት | 3፡41

ጋሼ፣ የልደት ካርዷ ገባችኝ። ምጣዱን ከዛሬ ጀምሮ ወስጃለሁ።

ሰባታሚት | 3፡58

እኔ ግን አንድ ነገር አይዋጥልኝም። አሮጌ ፈርምዌር ሰብስቦ ማስቀመጥ ለምን ያስፈልጋል? የመጨረሻውን ብቻ ይዞ ሁሉንም ወደሱ ማሳደግ አይሻልም? አሮጌው እኮ ቀዳዳ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2018 የማይክሮቲክ ራውተሮች ዊንቦክስ (ማስተዳደሪያቸው) ላይ የተገኘውን አስታውሱ፦ ሰርጎ ገቡ ያለ ይለፍ ቃል ገብቶ የተጠቃሚዎችን ዳታቤዝ አንብቦ ይሄድ ነበር። በቨርዥን 6.42.1 ተደፈነ፤ ያልተሻሻሉት ራውተሮች ግን በዓለም ዙሪያ በብዙ ሺህ እየተያዙ፣ በነሱ በኩል ኢንተርኔት የሚከፍተው ሰው ኮምፒውተር ለሌላ ሰው ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) ሲቆፍር ነበር። አንድ ልጅ መጥቶ ከናንተ ማኅደር 6.40 አውጥቶ ሆቴል ላይ ቢጭንስ?

የካውንተሯ | 4፡20

ሰባታሚት፣ ስጋትህ ልክ ነው፤ መደምደሚያህ ግን አይደለም። እኔ የምሠራው ደንበኛ ካውንተር ላይ ነው፣ ቀኑን ሙሉ «ከትናንት ጀምሮ አልሠራም» የሚል ነው የምሰማው። «ትናንት ምን ተደረገ?» ስል ግማሹ «አፕዴት አልኩት» ይላል። አንድ ክሊኒክ (የራውተሩን ብራንድ አልጠራም) ወደ አዲሱ ካደጉ በኋላ ሁሉም ነገር ሠርቶ የካርድ ማሽናቸው ብቻ ዋይፋዩን እምቢ አለ። ወደ ቀድሞው መለስነው፣ ሠራ። ከሁለት ወር በኋላ የተስተካከለ ወጣ፣ ያኔ አሳደግነው። የቀድሞው ፋይል በእጃችን ባይኖር ክሊኒኩ ሁለት ወር በካሽ ብቻ ይሠራ ነበር።

ማስቀመጥና መጫን አንድ አይደሉም። እኛ ጋ ቀዳዳ ያለበት ፎልደር ስሙ ፊት «አይጫን» ተብሎ ይጻፍበታል፣ ከሥሩ ምክንያቱ አንድ መስመር። አናጠፋውም፣ ምክንያቱም ደንበኛው እሱ ላይ ሆኖ ሲደውል ምን ዓይነት ገጽ እያየ እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። «ሴቲንግ ውስጥ ግባ» ስለው የሱ ገጽ አረንጓዴ የኔ ሰማያዊ ከሆነ አንግባባም።

ማይክሮቲክ ከተነሳ ደግሞ ሦስት ነገር፣ በደም የተማርኩት።

የመጀመሪያው፣ የፓኬጁ (የሚጫነው የሶፍትዌር ፋይል) ዓይነት በፕሮሰሰሩ ነው የሚለየው። ኤችኤፒ ላይት «ስሚፕስ» ነው፣ ሄክስ የሚባለው 750ጂአር3 «ኤምሚፕስ»፣ ኤችኤፒ ኤሲ2 «አርም»። ስማቸው የወንድማማች ነው፣ አንዱ የሌላውን አይበላም።

ሁለተኛው፣ ከቨርዥን 7.13 ጀምሮ ዋይፋዩ ከዋናው ፓኬጅ ተነጥሎ ለብቻው ሆኗል። ዋናውን ብቻ ጎትተህ ከጫንክ ራውተሩ ይነሳል፣ ዋይፋዩ ግን ድራሹ ይጠፋል። ስለዚህ ማኅደር ስትሠሩ የዋናውንና የዋይፋዩን ፓኬጅ በአንድ ቨርዥን፣ በአንድ ፎልደር፣ ጎን ለጎን። የጎደለውን ደንበኛ ቤት ቆሞ ማውረድ እንዴት እንደሚያሳፍር እኔ ልንገራችሁ።

ሦስተኛው ኮንፊገሬሽኑ (ራውተሩ ላይ የሞላችሁት ቅንብር) ነው። ባክአፕ የሚለው ፋይል ለዚያው ራውተር ነው፤ ራውተሩ ተቃጥሎ ሌላ ሞዴል ቢገዛ አያገለግልም። ኤክስፖርቱ ጽሑፍ ስለሆነ ተነብቦ ወደ ሌላው ይገለበጣል። ሁለቱንም ያዙ። ግን ራውተርኦኤስ (የማይክሮቲክ ሶፍትዌር) 7 ላይ ኤክስፖርት ስታደርጉ ይለፍ ቃሎቹን ደብቆ ነው የሚጽፍላችሁ፤ እንዲታዩ ካላዘዛችሁት ባዶ ወረቀት እንደያዛችሁ ቁጠሩት። ካዘዛችሁት ደግሞ ያ ፋይል እንደ ቤት ቁልፍ ነው፣ ቴሌግራም ላይ አይላክ።

ሰባታሚት | 4፡27

እሺ፣ «አይጫን» የሚለው ይበቃኛል። ተረትቻለሁ አልልም ግን ተስማምቻለሁ።

ዘጌ_ማዶ | 4፡44

እናንተ ቢያንስ በባጃጅ ተመልሳችሁ ትሄዳላችሁ። እኔ ከባሕር ዳር በኩል ሐይቁን ተሻግሮ ለሚመጣ ሊንክ ናኖስቴሽን ኤም5 (ሩቅ ቦታዎችን ያለ ገመድ የሚያገናኝ አንቴና) ላሳድግ በጀልባ ሄድኩ። ፈርምዌሩ ፍላሼ ላይ አለ ብዬ ኮርቼ። ፖሉ ላይ ወጥቼ፣ 192.168.1.20 ብዬ ገብቼ፣ ፋይሉን ስሰጠው «አልቀበልም» አለኝ። የያዝኩት «ኤክስኤም» ነው፣ ዕቃው «ኤክስደብሊው» ነው። ስሙ ናኖስቴሽን ኤም5፣ ካርቶኑ አንድ፣ መልኩ አንድ፤ ውስጡ ግን ሌላ ቦርድ። ጥሩነቱ ዌብ ገጹ መለሰኝ እንጂ ዝም ብሎ አልዋጠም።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ተነስቶ ጀልባው አልወጣም አለ። የሰው ቡና እየጠጣሁ አመሸሁ። (የዘጌን ቡና የቀመሰ ይህ ቅጣት እንዳልሆነ ያውቃል።)

ከዚያ ወዲህ ከመነሳቴ በፊት የዕቃውን ገጽ ከሩቅ ከፍቼ ሙሉ የቨርዥኑን ጽሑፍ ኮፒ አደርጋለሁ። በ«ኤክስኤም» ወይም በ«ኤክስደብሊው» ስለሚጀምር እዚያው ይለያል።

ፋሲሎ_ኮምፒውተር | ረቡዕ ጠዋት 2፡10

ማንም ስለ ፍላሽ ዲስክ ያላነሳው ገረመኝ። በዚህ ከተማ ፍላሽ አንድ ካፌ ገብቶ በሾርትከት ቫይረስ ሳይለከፍ ይወጣል? ፎልደሮቻችሁ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ስታገኟቸው የጋሼ የልደት ካርድ ምን ያደርጋል?

እኔ ዋናውን ቅጂ ኤስዲ ካርድ ላይ አድርጌ በጎኑ ያለችውን የመቆለፊያ ማንሸራተቻ ወደ ታች እስባታለሁ። ሁለተኛው ሃርድ ዲስክ ላይ ቤት ይቀመጣል። ፍላሹ የመንገድ ዕቃ ነው፣ ቢጠፋም ቢለከፍም አያሳዝንም። ቦታ ደግሞ አያስጨንቃችሁ፤ የአንድ ተራ ራውተር ፈርምዌር ጥቂት ሜጋባይት ነው። የ840ኤን ቪ5 ሙሉ ማከማቻው ራሱ 4 ሜጋባይት ነው። የአንድ ሠርግ ቪዲዮ ከሁሉም ይበልጣል።

ከዚያ ሃሽ (ፋይሉ ትንሽ እንኳ ቢለወጥ አብሮ የሚለወጥ መለያ ጽሑፍ)። ፋይሉን እንዳወረዳችሁ ዊንዶውስ ላይ በ«ሰርትዩቲል» ትዕዛዝ ኤስኤችኤ 256 የሚባለውን ሃሽ አውጡና ከጎኑ በጽሑፍ ፋይል አስቀምጡ። ከመጫናችሁ በፊት እንደገና አውጡ። አንዲት ፊደል ከተለየች አትጫኑ፤ ወይ ሲገለበጥ ተቆርጧል፣ ወይ አንድ ነገር ነክቶታል። 

አዲስ_ጀማሪ | 2፡25

ይቅርታ፣ አንድ ቴሌግራም ቻናል ላይ የሁሉም ራውተር ፈርምዌር አለ። ከዚያ ማውረድ አይቀልም? እኛም የራሳችንን ግሩፕ ከፍተን ሁሉም ያለውን ቢጥል?

የካውንተሯ | 2፡38

አይቀልም ወንድሜ። ማን እንደጫነው አታውቅም፣ ስሙን ማን እንደቀየረው አታውቅም። የደንበኛ ኢንተርኔት በሙሉ በዚያ ዕቃ ውስጥ ነው የሚያልፈው።

ፋይሉን ራሱን ማከፋፈልም የባለቤቱ ፈቃድ ይጠይቃል። ለራሳችን ሥራ አስቀምጠን መያዝ አንድ ነገር ነው፣ ገበያ አውጥቶ መበተን ሌላ። ከፈለጋችሁ ዝርዝሩን እንጋራ፦ ሞዴል፣ ቪ ቁጥር፣ የፋይሉ ሙሉ ስም፣ ሃሹ፣ የወረደበት የአምራቹ ገጽ። ማይክሮቲክ የድሮዎቹን ራሱ ገጹ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ሌላው አምራች ገጹን ካነሳ የድሮውን አድራሻ ዌይባክ ማሽን (የድሮ ድረ ገጾች ማኅደር) ላይ መሞከር ነው፤ ገጹ ብዙ ጊዜ ይገኛል፣ ፋይሉ ግን አንዳንዴ አብሮ አልተቀመጠም።

ሌላም ላክልበት። አገልግሎት አቅራቢው የሰጠው ሞደም ከሆነ ከአምራቹ ገጽ ያወረዳችሁትን አትጫኑበት። ሞዴሉ አንድ ቢሆንም አቅራቢው የራሱን ፈርምዌር ነው የጫነበት፤ በቲአር-069 ከሩቅ የሚያስተዳድረውም በሱ ነው። ቀይራችሁት መስመሩ ከጠፋ ደንበኛው ወደኔ ካውንተር ነው የሚመጣው፣ እኔም በእናንተ ፈንታ ስሰደብ እውላለሁ።

ጋሽ_ገመዱ | 3፡05

ልጄ ካውንተሯ ያለችውን እደግፋለሁ። አንድ የረሳሁት፦ በክረምት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ደመና ከጣና በኩል ሲጠቁር ፈርምዌር የሚጭን ሰው እኔ ሱቅ አይቀጠርም። መብራት የሚሄደው ያኔ ነው። 12 ቮልት የምትሰጥ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የምትይዝ ባትሪ) ግዙ፣ ራውተሩን በሷ ላይ ሰክታችሁ ጫኑ፣ ላፕቶፑንም በገመድ እንጂ በዋይፋይ አታገናኙ። ግን የአዳፕተሩን ጽሑፍ አንብቡ፣ 9 ቮልት የሚፈልግ ራውተር አለ።

ሽምብጥ_ኔት | ረቡዕ ማታ 1፡15

ተመልሻለሁ።

በአልኮል ጠረግኩት። ክሬሙ ለቀቀ፤ ከሥሩ «ቨር 6.0» ብቅ አለ። ቪ6! ሦስቱም «ቲፒ ሪከቨሪ» ፋይሎቼ የሱ አልነበሩም፣ የቱንም ብገምት ስህተት ነበርኩ። የኢዩውን ቪ6 ዛሬ በጓደኛዬ ቤት መስመር አወረድኩ፣ ሃሹን ጻፍኩ፣ ዚፑን ሳልፈታ አስቀመጥኩ፣ ኮፒውን ምጣዱ ላይ ፈታሁ፣ ፋየርዎሉን አጠፋሁ። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ተነሳ። ነፍስ ዘራ!

ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ራውተሩ እንደ አዲስ ነው፣ ኮንፊገሬሽን የለውም፣ ባክአፕም አልያዝኩም። «የዋይፋዩ ስምና ይለፍ ቃል ምን ነበር?» ብዬ ለእመቤቲቱ ደወልኩ። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንተ አይደለህ የሞላኸው?» አሉኝ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና «ቆይ፣ ቆይ፤ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ በላስቲክ ተለብዶ ተለጥፏል» አሉ። በዋትስአፕ ፎቶ አንስተው ላኩልኝ። ያንኑ ስም፣ ያንኑ ይለፍ ቃል ከነስህተቱ (ጻፊው አንድ ፊደል ደግሞታል) መለስኩት። ዘጠኝ ክፍል ወረቀት ከመቀየር ይቀላል።

ነገ ጠዋት ይዤው ሄጄ እተክላለሁ፣ የራሴን አመጣለሁ። ደብተርም ገዝቻለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የስቲከሩን ፎቶ አትሜ ለጥፌበታለሁ።

የፖሊው | 1፡22

ይለፍ ቃሉን ደብተሩ ላይ ጻፍከው?

ሽምብጥ_ኔት | 1፡24

... አሁን እየጻፍኩት ነው።

ጋሽ_ገመዱ | 1፡31

ላፕቶፕህ ላይ ያሉትን ሦስቱን «ቲፒ ሪከቨሪ»ዎችስ?

ሽምብጥ_ኔት | 1፡33

አጥፍቻቸዋለሁ ጋሼ። አንዱን ብቻ የቱ እንደሆነ ስላላወቅኩ ፈርቼ ተውኩት።

ጋሽ_ገመዱ | 1፡34

አጥፋው።